እግሩ ስለ ተቈረጠ ውሻ አጠባበቅ

ባለፉት ሳምንታት በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት ምግብና ስለ ቤት ንጽሕና ስንናገር ቈይተናል። ዛሬ ነገራችን ስለ ውሻ ነው። ስለ ውሻ መጻፍ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የማይገባ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ራሳችን የአንድ ውሻ ቍስል ስናጥብ ሦስት ወር እስክንቈይ ድረስ እንዲሁ እናስብ ነበርና። ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች በመንገድ እያስቆሙ፥ «ውሻችሁ እንዴት ዳነ?» ብለው ስለሚጠይቁን፥ ለእያንዳንዱ በየደጃፉ ከመመለስ አንድ ጊዜ በጽሑፍ መናገር የሚሻል መሰለን።

የምንኖረው በጅማ ከተማ በአወቱ መንደራ ነው። የአወቱ ወንዝ ከተማይቱን አቋርጦ የሚወርድበት አጠገብ ስለ ሆነ፥ ሲመሽ ጅብ የወንዙን ዳር ተከትሎ እስከ አጥራችን ይመጣል። ስለዚህ በዚያ ሰፈር ውሻ ማኖር ጌጥ አይደለም። የኛ ውሻ ስሙ መከታ ይባላል፤ ጠጕሩ ቀይ፥ አካሉ መካከለኛ የሆነ ያገር ውሻ ነው። ነገሩ በሆነ ጊዜ ዕድሜው አራት ዓመት ነበረ። በአጥራችን ሥር በገዛ ጥፍሩ የቈፈራት አንዲት ቀዳዳ ነበረችው። ባለቤታችን ትደፈን ብላ ብዙ ጊዜ ብትነግረንም፥ እኛ ነገ፥ ከነገ ወዲያ እያልን ትተናት ነበር። በ2015 ዓ.ም. በጥምቀት ማግስት፥ ጥር 12 ቀን፥ መከታ በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ ታቦት የሚሸኘውን ሕዝብ ተከትሎ ወደ ዋናው መንገድ ሄደ። በመንገዱም ላይ አንድ ባጃጅ የግራ የኋላ እግሩን ጨፍልቆት አለፈ። በኋላ አንድ ቀልደኛ ጐረቤታችን፥ «ባለ ሦስት እግሩ መኪና ውሻውን እንደ ራሱ አደረገው» ብሎ ሰፈሩን ሁሉ አስቋል።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በባጃጁ ላይ መጫን ሐሰት ይሆንብናል። ባጃጁ የሰበረው ዐጥንቱን ነው፤ እግሩን ያሳጣው ግን የኛ ዝምታ ነው። በዚያው ቀን ወጌሻ አስጠርተን ነበር። ወጌሻውም እግሩን በቀርከሃ ስንጣሪ ደግፎ፥ በጨርቅ ጠፍሮ አሰረና እስከ ሳምንት እንዳይፈታ አዝዞን ሄደ። በሦስተኛው ቀን የእግሩ መዳፍ አብጦና ቀዝቅዞ ነበር። ይህን በዓይናችን አይተናል፤ በእጃችንም ዳስሰናል። ዳሩ ግን የታዘዘው ቀን ሳይሞላ መፍታት የተደከመበትን ማበላሸት መስሎን ዝም አልን። ጥር 19 ቀን ማሰሪያው ሲፈታ እግሩ ከጕልበቱ በታች ጠቍሮ ይሸት ነበር።

ይህ በውሻ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ባገራችን ያሉ ሐኪሞች ስለ ሕፃናት ደጋግመው እንደ ጻፉት፥ የተሰበረ እጅ ወይም እግር ከልክ በላይ ተጠፍሮ በቀርከሃ ሲታሰር፥ ደም መድረሱ ይቀርና ሥጋው ይሞታል፤ ሊድን ይችል የነበረውም አካል ይቈረጣል። ስለዚህ በሰውም ሆነ በእንስሳ፥ ከማሰሪያው በታች ያለው ጣት የቀዘቀዘ ወይም ያበጠ ወይም የጠቈረ እንደ ሆነ፥ በዚያው ሰዓት ፈትቶ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው እንጂ ቀን መቍጠር አይገባም። እኛ የፍርድ ቤት ጸሓፊዎች ነንና ቀነ ቀጠሮ ማክበር ልማዳችን ነው፤ በዚህ ነገር ግን ልማዳችን ጐዳን።

ውሻን ወደ ሐኪም መውሰድ በከተማችን ለብዙ ሰው ገና እንግዳ ነገር ነው። በጅማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ዛሬ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሥር የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆኖ የእንስሳት ሐኪሞችን ያስተምራል፤ ሆኖም ሰው ሐኪም ሲያስብ የሚያስበው ለላሙና ለበሬው ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የደስታ በሽታ ከብቱን ፈጅቶ ክፉ ቀን ያመጣበት አገር ከብቱን ማስቀደሙ አያስደንቅም። እኛም መከታን በጆንያ ተሸክመን በመንገድ ስናልፍ፥ የሚያውቁን ሰዎች ሰላምታ ሰጥተውን ፈገግ ይሉ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ሰው ነው። እግሩን ካየ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ይህ እግር ሞቷል። ዛሬ እግሩን ካልቈረጥን በሳምንቱ ውሻውን ትቀብራላችሁ» አለን። ከኛ ጋር የመጣው ሰው ደግሞ፥ «ሦስት እግር ይዞ ጅብ ከሚበላው በመርፌ ቢያርፍ አይሻልም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የጭካኔ አልነበረም። ሐኪሙም እንደ ተገቢ ጥያቄ ቈጥሮ መለሰ። የቀሩት ሦስት እግሮች ደኅና ካልሆኑ፥ ወይም ውሻው አርጅቶ መገጣጠሚያው የታመመ እንደ ሆነ፥ ወይም ከልክ በላይ የወፈረ እንደ ሆነ፥ ቈርጦ ማዳን ሌላ ሥቃይ መጨመር ሊሆን ይችላል አለ። ውሻ ከክብደቱ ስድሳ ከመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ሲሆን፥ አርባ ከመቶ ያህሉን በኋላ እግሮቹ ነው። ስለዚህ የኋላ እግሩን ያጣ ውሻ የፊቱን ካጣው ይልቅ ይቀለዋል። መከታ ወጣትና ቀጭን፥ የተጐዳውም እግር የኋላ በመሆኑ፥ ይቈረጥ ብለን ፈረምን። ጥር 20 ቀን ተቈረጠ።

እግሩ ከጭኑ መካከል መቈረጡን ባየን ጊዜ ገረመን። የሞተው ከጕልበት በታች ሆኖ ሳለ ለምን ይህን ያህል ደኅና ሥጋ ተወሰደ ብለን ብናዝን፥ ሐኪሙ ምክንያቱን ነገረን። ጕማጁ ረዝሞ የቀረ እንደ ሆነ ውሻው ይረግጥበታል፤ ከመሬትም እየተጋጨ ዘወትር ይቈስላል። አጥሮ የቀረ እንደ ሆነ ግን ይተወዋል። በእውነትም መከታ በማግስቱ በሦስት እግሩ ቆመ፤ በሦስተኛው ቀን እየተንገዳገደ እስከ በር ሄደ። ነጠላ አጥፈን በሆዱ ሥር አሳልፈን ከላይ እየያዝን ደረጃውን እናወርደው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. የሆላንድ ሊቃውንት እግራቸው የተቈረጠ የአርባ አራት ውሾችን ጌቶች ጠይቀው እንዳወጡት፥ ከውሾቹ የሚበዙት በአንድ ወር ውስጥ ኑሮውን ለምደውታል። ስለ እግሩ ያለቀስነው እኛና ልጆቻችን ነን። መከታ ግን ቆሞ መሄድ እንደ ቻለ ወዲያው የሚበላውን ይፈልግ ነበር።

እንግዲህ መራመድ ፈጥኖ መጣ፤ የዘገየው ቍስሉ ነው። አንባቢዎቻችንም በዚህ እንዲያስተውሉልን እንለምናለን፤ ውሻው እየሮጠ ሳለ ቍስሉ ገና ክፍት ሊሆን ይችላልና።

በአምስተኛው ቀን ከስፌቱ በታች እንቍላል የሚያህል እብጠት ታየ። የሰፈር ሰው ሁሉ መግል ነውና በምላጭ ይውጣ ቢለንም፥ ሐኪሙ ዳስሶ ውሃ መቋጠሩን ነገረን። እንዲህ ያለው ውሃ ብዙውን ጊዜ በራሱ እየተመጠጠ ይጠፋል፤ በቤት ውስጥ መብጣት ግን በር ከፍቶ መርዝ ማስገባት ነው። ይህን ታዘን ስለ ተውነው ውሃው ጐደለ። በሌላው ትእዛዝ ግን አልጸናንም። ሐኪሙ ውሻው ቍስሉን እንዳይልስ ታቹ የተቈረጠ የላስቲክ ባልዲ በአንገቱ ዙሪያ እንድናስር አዝዞን ነበር። መከታ ግን ባልዲውን ከበሩ ጋር እያጋጨ፥ ውሃ መጠጣት እያቃተው አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ብናይ አዘንን። ውሻ ቍስሉን ልሶ ይድናል ሲባል ከልጅነታችን ስንሰማ አድገናል፤ የአልዓዛርንም ቍስል ውሾች እንደ ላሱለት ተምረናል። ስለዚህ በስምንተኛው ሌሊት ለአንድ ሌሊት ብቻ ይረፍ ብለን ባልዲውን አወለቅንለት። ሲነጋ ስፌቱ በሙሉ ተበጥሶ ቍስሉ እንደ አፍ ተከፍቶ አገኘነው። የውሻ ምላስ እንደ ሻካራ ጨርቅ ነው፤ በአፉም ውስጥ ብዙ ጀርም አለ። ስፌት የሚወጣው ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ነውና፥ ስድስት ቀን ብንታገሥ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አጭር ይሆን ነበር።

ሐኪሙ እንደ ገና አልሰፋውም። ጀርም የገባበት ቍስል ከላይ ቢሰፋ ከውስጥ መግል ይይዛልና፥ ከታች ጀምሮ በራሱ ሥጋ ይሙላ አለ። እኛም ከጥር 29 ቀን ጀምሮ የቍስሉን ርዝመት በክር እየለካን፥ ቀኑን፥ መልኩንና ሽታውን በመዝገብ እንጽፍ ጀመር። ይህን ያደረግነው ከሥራችን ልማድ የተነሣ ነበር፤ ነገር ግን ከመድኀኒቱ ሁሉ የጠቀመን እርሱ ሆነ። በየቀኑ ለሚያየው ሰው ቍስል አይለወጥም። ሰውም በዚህ ተስፋ ቈርጦ የሌላውን ምክር ሁሉ መሞከር ይጀምራል፤ አንዱ አመድ፥ ሌላው ነጭ ጋዝ፥ ሌላው አረቄ ያፈስበታል። መዝገቡ ግን በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር የነበረው ቍስል በየካቲት 13 ቀን ሰባት መሆኑን መሰከረልን።

የካቲት 13 ቀን የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባበት ሰኞ ነው። ከዚያ በኋላ መዝገባችን ለሦስት ሳምንት ሰባት፥ ሰባት፥ ሰባት እያለ ይሄዳል። መልኩም ቀይ መሆኑ ቀርቶ ገርጥቶ ነበር። መጋቢት 4 ቀን መዝገቡን ይዘን ለሐኪሙ ብናሳየው ሁለት ነገር ጠየቀን። አንደኛው፥ በቀን ስንት ጊዜ ታጥባላችሁ የሚል ነበር። እኛ ትጋታችንን ለማስመስከር በቀን ሦስት ጊዜ በአልኮል በተነከረ ጥጥ አጥብቀን እንደምንጠርገው ነገርነው። እርሱም ራሱን ነቀነቀ። በቍስል ውስጥ የሚበቅለው አዲሱ ሥጋ ቀይ፥ እርጥብና ለመድማት የቀረበ ነው፤ አልኮል ያቃጥለዋል፥ ጥጥም ይልጠዋል። እኛ ጠዋት ጠዋት የበቀለውን ማታ ማታ ስንፍቅ ከርመናል። በአንድ ሊትር ውሃ ልሙጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሮ፥ አፍልቶና አቀዝቅዞ፥ በቀን አንድ ጊዜ ሳይጠርጉ ማፍሰስ ይበቃል አለን።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ «ምን ይበላል?» የሚል ነበር። እኛ የምንበላውን ነው ብለን መለስን። «ታዲያ እናንተ አሁን የምትበሉት ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀን ነገሩ ገባን። በጾም ቤት የሚተርፈው የሽሮ እንጀራ ነው። አዲስ ሥጋ የሚሠራው ከሥጋ፥ ከእንቍላልና ከመሳሰለው ነው። «ጋሼ፥ ጾሙ የርስዎ ነው እንጂ የእሱ አይደለም» አለን።

ነገሩ ለመናገር ቀላል ነው። የፍርድ ቤት ሰው በሁዳዴ ሥጋ ሲገዛ ቢታይ ግን ሰፈሩ ምን እንደሚል አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በዚህ ጊዜ የረዱን ጐረቤታችን፥ ቡና የሚነግዱት ሐጂ ናቸው። እርሳቸው በሃይማኖታቸው ሥርዓት የውሻ ምራቅ እንዳይነካቸው ይጠነቀቃሉ፤ መከታም ሲመጣ ልብሳቸውን ሰብስበው ያልፋሉ። ነገሩን በሰሙ ጊዜ ግን፥ በጥም የሚያለከልክ ውሻ አይቶ በጫማው ውሃ ቀድቶ በማጠጣቱ ኀጢአቱ ስለ ተሰረየለት ሰው በሃይማኖታቸው የሚነገረውን አወሩንና፥ «ወንድሜ፥ ለመግዛት አትውጣ፤ እኔ አስልክልሃለሁ» አሉን። ከዚያ በኋላ ልጃቸው በየሁለት ቀኑ የበሬ ሳንባና ጨጓራ ያመጣልን ነበር። መጋቢት 14 ቀን ረመዳን ገብቶ እርሳቸውም ሲጾሙ አላቋረጡም። በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ተገጣጥመው ነበርና፥ በሁለት የሚጾሙ ቤቶች መካከል ሥጋ የሚበላ አንድ ውሻ ብቻ ነበረ።

ባለቤታችን ሳንባውን በጓሮ በተለየ ድስት ትቀቅለው ነበር። ጥሬውን መስጠት ክፉ ነገር ነው። በከብት ሳንባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚሠራ ኤኪኖኮከስ የሚባል ትል አለ፤ ውሻ ጥሬውን ሲበላው በአንጀቱ ይራባና ዕንቍላሉ ከኵሱ ጋር ወጥቶ ሰውን፥ ይልቁንም ከውሻ ጋር የሚጫወቱትን ልጆች ይይዛል። ስለዚህ በደንብ መቀቀል ግድ ነው። ይሁን እንጂ የሥጋው ሽታ በሁዳዴ ከጓሯችን ሲወጣ ሐሜቱ አልቀረልንም። የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ ሰምተው መጡ። ድስቱን ከፍተው አዩ፤ ውሻውን አዩ፤ ባልዲውንም አዩ፤ ቡና ሳይጠጡ፥ ምንም ሳይናገሩ ባርከውን ሄዱ።

መዝገቡ ከዚያ በኋላ መናገር ጀመረ። መጋቢት 18 ቀን አምስት ተኩል፤ ሚያዝያ 2 ቀን ሦስት።

ስለ መኝታው ጥቂት እንጨምር። ለስላሳ ሲሚንቶ ለሦስት እግር ክፉ ነው፤ ያንሸራትታልና። ሐጂ የሰጡንን አሮጌ የቡና ጆንያ በወለሉ ላይ አነጠፍን፤ ለመኝታውም የጤፍ ጭድ በጆንያ ሞልተን በየሁለት ቀኑ እንለውጠው ነበር። ባገራችን በሞላ የሚገኘውን የቡና ገለፈት ለማንጠፍ አስበን ሳለ ሐኪሙ ከለከለን፤ ትቢያው በቍስሉ ላይ ይጣበቃል፥ በቡናም ውስጥ ያለው ካፌይን ውሻ የበላው እንደ ሆነ ይመርዘዋል። የመጋቢት ዝናም በጀመረ ጊዜ ዝንብ በዛ። ዝንብ በቍስል ላይ ዕንቍላሏን ከጣለች በአንድ ቀን ትል ይሆናልና፥ ቍስሉ በስስ ሻሽ ተሸፍኖ ይውል ነበር። ደግሞም ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ለውሻ እንዳይሰጥ አጥብቀን እንነግራለን። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኵላሊት ያበላሻሉ፤ ፓራሲታሞልም ልኩን ካለፈ ጉበቱን ያጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መከታ ተኝቶ ሳለ በድንገት እየጮኸ ተነሥቶ እግሩ የነበረበትን ቦታ ዞሮ ያይ ነበር። እግራቸው የተቈረጠባቸው ሰዎች የሌለው እግራቸው እንደሚያማቸው ይናገራሉ፤ ውሻም እንደዚሁ ሳይሆን እንደማይቀር ሐኪሞች ይገምታሉ። ለዚህም ቢሆን ሐኪሙ የሰጠውን ብቻ መስጠት ነው።

በሕመም ላይ ያለ ውሻ ጌታውንም ይነክሳል። እኛም አንድ ቀን ተነክሰናል፤ መከታ አስቀድሞ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ተከትቦ ስለ ነበረ ግን ሌሊቱን ተኝተን አደርን። ያልተከተበ ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ሰዎችን ከሚገድለው የእብድ ውሻ በሽታ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ የሚመጣው ከውሻ ነው።

በመጋቢት ወር መጨረሻ አንድ ሌሊት ጅብ ገባ። የገባውም በዚያችው መከታ በቈፈራት ቀዳዳ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለውን ቃል በቄስ ትምህርት ቤት ለምሳሌ ስንማረው፥ በገዛ ጓሯችን ይደርሳል አላልንም ነበር። መከታ ከመተላለፊያው ተነሥቶ፥ ባልዲውን በአንገቱ እንዳጠለቀ፥ በሦስት እግሩ በበሩ ውስጥ ቆሞ ጮኸ። ድምፁ በባልዲው ውስጥ ተሰብስቦ እንደ መለከት ይወጣ ስለ ነበረ፥ ጅቡ ምን እንደ መሰለው እንጃ፥ ተመልሶ ሸሸ። በማግስቱ ከፍርድ ቤት ፈቃድ ጠይቀን ቀርተን ቀዳዳዋን በድንጋይ ደፈንን። ባለቤታችን ቆማ አየችን እንጂ ምንም አላለችም።

ሚያዝያ 24 ቀን፥ እግሩ ከተቈረጠ በዘጠና አራተኛው ቀን፥ በመዝገቡ ላይ የምንጽፈው ቍጥር ጠፋ። ቍስሉ የነበረበት ቦታ ጠጕር የሌለው ቀጭን መሥመር ሆኗል። ባልዲውንም አወለቅንለት። ዛሬ መከታ እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ በፊት በር ላይ ይደርሳል፤ እንዳይወፍርም ምግቡን እንለካለን፥ ሦስቱ እግሮች የአራቱን ሸክም ይሸከማሉና። አንድ ነገር ብቻ አልለመደም። የግራ ጆሮው ሲበላው አንገቱን አዘንብሎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጕማጁም በአየር ላይ ቶሎ ቶሎ ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜ ከልጆቻችን ታናሺቱ መጽሐፏን አስቀምጣ ትሄድና ጆሮውን ታክለታለች።